ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር

ግቢዬ ውስጥ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ቆማለች። የጀርመን ሥሪት ስለሆነች ሰፈሩ የሚያውቃት «ጀርመኗ» በሚል ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወደ ላይ መጥታችሁ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፋችሁ «ጀርመኗ ያለችበት ቤት የቱ ነው?» ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። በእኔ ስም ከጠየቃችሁ ግን ትንሽ ሳትንከራተቱ አትቀሩም።

አሁን አሁን ወጣቶች ሲያልፉ በበሩ ክፍተት ያይዋትና «አባባ፣ ይቺ እኮ ክላሲክ ናት፣ እንዳይሸጧት» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ በዚያው ቀን መጥቶ «ኧረ ለቆራሌው ይስጧትና ግቢዎ ይስፋ» ይላል። ለሁለቱም እሺ እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ጋር መከራከር አልወድም። ክላሲክ የሚባለው ነገር ግን አንድ ሰሞን እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል። ልጄ ተሞሽራ በዚች መኪና ትሄዳለች ወይስ አትሄድም የሚለው ነገር ከሱ ጋር ተያይዞ ነበር። ይሄን ደግሞ የተመኘችው እናቷ ናት። ያንን ነው የማወራችሁ፤ ቀስ እያልኩ ስለሆነ ታገሱኝ።

እዚሁ አቃቂ የፋብሪካ ሾፌር ነበርኩ። ትምህርቴ ያው ማንበብና መጻፍ ነው። መጀመሪያ ጥጥ የሚጭን መኪና እነዳ ነበር፤ በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ለሥራ አስኪያጁ አዲስ መኪና መጣችለትና እኔ ተመደብኩባት። ስትመጣ ወንበሮቿ በሙሉ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍነው ነበር። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነው፣ ቡናማ፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ሲታይ እንደ ማር ያበራል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዞራትና «ፕላስቲኩ እንዳይነሳ» አለኝ።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«ትልቅ እንግዳ እስኪመጣ።»

በዚያ ዘመን ነገሩ እንደዚያ ነበር። ጥሩ ዕቃ ሲመጣ ይቀመጣል እንጂ አይነካም። በየቤታችንም ያው ነው፤ ብርጭቆው ለእንግዳ፣ አንሶላው ለእንግዳ፣ ሶፋው ከነፕላስቲኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ስንት ዘመን ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ወደ ናዝሬት ስንወርድ ሙቀቱ ሲበረታ ሸሚዙ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቅበትና ሲላቀቅ ድምፁ ከፊት ይሰማኛል።

«ይሄ ነገር ግን መቼ ነው የሚነሳው?» ይለኛል።

«የንብረት ክፍልን ቢጠይቁ ነው ጓድ።»

«የንብረት ክፍል አለቃ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት ጓድ።»

ትንሽ ያስብና መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። ነገሩ እዚያው ይቀራል። ትልቁ እንግዳም አልመጣ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሥራ አስኪያጁም ተለወጠ፣ ፕላስቲኩ ግን እዚያው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ፋብሪካው ለግለሰብ ተሸጠ። አዲሶቹ ሰዎች የፈለጉት ዕቃ የሚጭን መኪና ነበር። ጀርመኗ ቤንዚን ትጠጣለች፣ መለዋወጫዋም በቀላሉ አይገኝም። እኛን አሮጌ ሠራተኞች ሲያሰናብቱ ለእኔ በአገልግሎቴ ፈንታ እሷን ሰጡኝ፣ ስሟም ወደ እኔ ዞረ። አንዳንድ ጓደኞቼ ተታለልክ አሉኝ። እኔ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ከፋብሪካው በር ይዣት ስወጣ ዘበኞቹ እንደ ድሮው ተነስተው ሰላምታ ሰጡኝ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ከማጀት ወጣች። ከዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ስትሠራ ኖራ ከእኔ ቀደም ብላ ነው የወጣችው። ጨዋታ አዋቂ ነበረች። እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች መኪናዋን ዞረቻትና «ይሄን ሁሉ ዘመን ከእሷ ጋር ስትዞር ኖረህ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እቤቴ አመጣሃት?» አለች።

«ጡረታ ወጣች፤ የት ትሂድ?» አልኳት።

የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ፕላስቲኩ ከሥሯ ጮኸ። በመዳፏ ዳበሰችውና በውስጡ ቆዳውን አየችው።

«ይሄ ቆዳ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም?»

«ማንም።»

«አለቆችህም?»

«አለቆቼም።»

ልጃችን ያኔ ትንሽ ናት፤ ትምህርት ቤት የገባችበት ዓመት ነበር፤ ከወዲያ በር በኩል አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሚስቴ አየቻትና «እንግዲያው እሷ ትቀመጥበታለች» አለች። «ተሞሽራ ከዚህ ግቢ ስትወጣ ፕላስቲኩን እኔ ራሴ ነኝ የማነሳው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።»

እኔ የሳቅሁ ይመስለኛል። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። የደሀ ልጅ ሆና አድጋ፣ በእግሯ ነው ወደ እኔ ቤት የመጣችው። እናቴ በጃንጥላ ይዛት፣ በጭቃው። ያንን አንድ ቀን በምሬት ስታነሳው አልሰማኋትም፣ ግን አልረሳችውም።

ከዚያ ወዲያ ዳንቴል መሥራት ጀመረች። ለኋላው ወንበር፣ ለፊቱ ወንበር፣ ለራስ መደገፊያው፣ ለኋላው መስተዋት ሥር ሁሉ ሳይቀር፤ ነጭ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው። ፕላስቲኩ ቆዳውን ሸፈነ፣ ዳንቴሉ ደግሞ ፕላስቲኩን። ልጄ አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣ በእርሳስ ስትጫወት በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ፕላስቲኩን ቀዳደደችው፤ የአንድ ጣት ማስገቢያ ታህል ቀዳዳ። እናቷ ጆሮዋን ቆነጠጠቻትና ዳንቴሉን ሳብ አድርጋ ቀዳዳውን ሸፈነችው። ልጅቷ ግን በሄድን ቁጥር እዚያች ጥግ ነው የምትቀመጠው። በስፖኪዮ ሳያት እጇ ዳንቴሉ ሥር ገብቷል። በጣቷ ቆዳውን ትዳስሳለች። አይታኝ ስታበቃ ወደ መስኮት ዞር ትላለች። እኔም እንዳላየሁ አልፋለሁ። ለእናቷ አልነገርኩም።

በነዚያ ዓመታት ጀርመኗ የሰፈሩ ሙሽራ መኪና ነበረች። ከእኛ መንደር ያለ እሷ የተዳረች ሴት ልጅ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ሪባን ይታሰርላታል፣ ኮፈኗ ላይ አበባ ይደረጋል፣ እኔ ኮቴን ለብሼ እነዳለሁ። ሙሽራይቱ ስትገባ ፕላስቲኩ ቬሎው ሥር ሲጮህ ሚዜዎች ይስቃሉ።

«እማማ፣ ለዛሬ እንኳ አንሱላት እንጂ» ይሏታል ሚስቴን።

«ዳንቴሉ ላይ ትቀመጥ። ዋናው ባለቤት አለው» ትላለች።

«ለማን ነው?»

«ሲደርስ ታዩታላችሁ።»

ሰውም ለመደው። ፕላስቲኩ ሳይነሳ፣ ዳንቴሉ እየታጠበ እየተመለሰ፣ ስንቷን ዳርን።

በኋላ ዘመን ተለወጠ። ነጫጭ የጃፓን መኪኖች መጡ፣ ያ እንደ አውቶቡስ የረዘመው ሊሞዚን መጣ። እኛን የሚጠራን ቀነሰ፣ ከዚያ ቀረ። ቃሊቲ ማዞሪያ ላይ የባጃጅ ልጆች ሲያዩኝ «ፋዘር፣ ጀርመኗ ጡረታ አልወጣችም እንዴ?» ይሉኛል። «ወጥታለች፤ አበሏን ልትቀበል ነው የምንሄደው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሞተሯን የሚያይልኝ ጓደኛዬ፣ አቃቂ ጋራዥ ያለው፣ አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ «አሁን እኮ ክላሲክ እየሆነች ነው» አለኝ። ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከሱ ነው።

«ምን ማለት ነው?»

«ዕቃዋ ከገበያ የጠፋ ማለት ነው» አለና ያረጀውን የሞተር ካንዴላ ወረወረልኝ።

ሚስቴን ያመማት የከተማው ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ነው። መንገዱ በሙሉ ተቆፍሮ ነበር። ሐኪም ቤቱ መሀል ከተማ ስለሆነ በየሳምንቱ እንመላለሳለን፤ አቧራ ነው፣ ጉድጓድ ነው፣ ከባድ መኪና ነው። ከኋላ ጋደም ብላ ነው የምትሄደው። ሰውነቷ ከስቶ ስለነበር ፕላስቲኩ እንደ ድሮው አይጮህም።

አንድ ቀን ከሳሪስ ወረድ ብሎ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። ፀሐይዋ የቀትር ነበረች። ከኋላዬ ትገላበጣለች። «ምነው?» ስላት «ጀርባዬ ተቃጠለ» አለች። ዞሬ ሳያት ቀሚሷ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል፣ ላብ በአንገቷ ይወርዳል።

ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ። በሩን ከፍቼ «ተነሽማ ትንሽ፣ ይሄን ላንሳልሽና ቆዳው ላይ ጋደም በይ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል?» አለች።

«ቆዳው አይሞቅም። ቀዝቀዝ ያለ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄው?»

«ለልጅሽም ይተርፋታል እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። «የሙሽራ ወንበር በሽተኛ አይተኛበትም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እንደሚታወቅ ነገር። ነጠላዬን አውልቄ አጣጥፌ ከጀርባዋ አደረግኩላት። መንገዱ ተከፈተና ሄድን። ስፖኪዮውን ወደ እሷ አዘንብዬ እያየኋት ነበር የምነዳው። ዓይኗን ጨፍናለች፣ እጇ ግን ዳንቴሉን ያስተካክል ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲያ ብዙ አልቆየችም። ሐኪም ቤት ተኝታ እዚያው አረፈች። ወደ ቤት ስመለስ ከኋላ ነጠላዬ እንደታጠፈ ነበር። ዕድሩ ድንኳን ሲተክል ጀርመኗን ከመጠለያዋ አውጥቼ ውጭ አቆምኳት፤ ለቀስተኛው በአጠገቧ ሲያልፍ ብዙ ሴቶች እጃቸውን ኮፈኗ ላይ እያሳረፉ ያለቅሱ ነበር። ሙሽራ ሆነው የሄዱባት ናቸው።

ልጄን ያጫት ልጅ ቂሊንጦ ካሉት አዳዲስ ፋብሪካዎች በአንዱ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። የእናቷ ሙት ዓመት እስኪያልፍ ጠበቀ። ሠርጉ ሲቆረጥ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባዬ፣ የእማዬ ነገርስ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ወንበሩ ነዋ።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ፕላስቲኩን እያየሁ አይደል ያደግኩት» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «ሚዜዎቹ ነጫጭ መኪና ሊከራዩ ተነጋግረዋል። ቪዲዮው ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን። እኔ ግን በእሷ መሄድ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሙሽራው አልተቃወመም። ያስጨነቀው የሚዜዎቹ ነገር ነው። «አባባ፣ አሮጌ መኪና አመጣ እንዳይሉኝ ነው» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ክላሲክ ከሆነች ግን ማንም ቃል አይተነፍስም። አሁን እንዲያውም ፋሽን ነው። ቃሊቲ መጋዘኖቹ ጀርባ የድሮ መኪኖችን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው አለ። እሱ መጥቶ ይያት። ክላሲክ ናት ካለ ሚዜዎቹ ይሰሙታል።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እረፍት አጣሁ። አጠብኳት፣ ሰም ቀባኋት፣ ጓደኛዬ ሞተሯን አስተካከለልኝ። ልጁን ሊጠይቁ የሚመጡ ሽማግሌዎችን እንደሚጠብቅ ሰው ሆኜ ጠበቅሁት።

ሰውዬው መጣ፣ ጎልማሳ ነው፣ ቆብ አድርጓል። ረጋ ብሎ ዞራት። በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ እኔ ጋ መጥቶ ቆመ።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ደስ የሚልዎትን?»

«ሁለቱ ካልተገናኙ እውነቱን።»

«ጥሩ መኪና ናት። ግን ክላሲክ ለመባል ገና ናት። ለአዲስ ደግሞ አርጅታለች። ሰው ክላሲክ ሲል ክብ መብራት ነው የሚያስበው፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ አያቱ የነዳው ነገር። ይቺን ያዩዋት ልጆች አባታቸው የነዳውን ነው የሚያስታውሱት። የአባቱን ነገር የሚወድ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።»

«እንግዲያው ስንት ዘመን ትጠብቅ?»

«ይሄን መሀሉን ማለፍ ነው። ለመኪና ክፉው ዕድሜ ይሄ ነው። ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚሞቱት። ባለቤቱ ይሰለቻል፣ ይፈታታል፣ በየዕቃው ይሸጣታል። ተርፋ ያለፈችውን ነው በኋላ ሰው ክላሲክ የሚላት።»

አብሮን የነበረው የጋራዡ ጓደኛዬ ከወዲያ «እኔና አንተስ አለፍነው ወይስ ገና ነን?» አለኝ።

ሰውዬው ሊሄድ ሲል የኋላውን በር ከፈተና ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገው። ፕላስቲኩ በዕድሜ ብዛት ደፍርሶ የሻይ ቀለም ይዟል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ መታየት ካቆመ ቆይቷል። ሰውዬው ቀጥ አለ።

«ይሄ የፋብሪካው ነው?»

«እንደመጣች ነው።»

«ተነስቶ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

ቆቡን አወለቀ። «ቆዳው ላይ ሰው አልተቀመጠም ማለት ነው?» አለና ፈገግ ማለት ጀመረ። «እንዲህማ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው አባባ። ውስጧ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች መኪና እኔ እዚህ አገር አላየሁም። ይሄን ለሚዜዎቹ እኔ ራሴ ነው የምነግራቸው። እንዲያውም ሰልፉን የምትመራው እሷ ናት። መቼ ነው የምታነሱት?»

«እሷ ስትኖር» አልኩ፣ ልጄን ማለቴ ነው። ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስለ እናቷ የተናገርኩ መሰለኝና ዞር አልኩ።

የሠርጉ ሳምንት ቅዳሜ ጧት አነሳነው። ልጄ የእናቷን የልብስ መቀስ ይዛ መጣች። ሙሽራው አለ፣ ሰውዬው አለ፣ ጓደኛዬ አለ። ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አጣጠፈች። ከዚያ ስፌቱ ጋ መቀሱን አስገባችና «እማዬ፣ ብትኖሪ አንቺ ነበርሽ የምትቆርጪው» አለች ለራሷ። ቆረጠችው። እኔና እሷ ጫፍና ጫፍ ይዘን ሳብነው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተዘጋ ጎተራ ሽታ። ቀጥሎ ድምፁ፣ የሚቀደድ ነገር ድምፅ፤ እኔ ፕላስቲኩ የተቀደደ መስሎኝ ነበር። ስናየው ቆዳው ነው። ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሳል። ከሥሩ ሻጋታ አለ፣ ነጭና ጥቁር። የቀረው ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሲነኩት ይፈረፈራል። ያ የማር ቀለም የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፣ ፍርፋሪውን በመዳፉ አየው። «ታፍኖ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆዳ አየር ካላገኘ እንዲህ ነው። የክረምቱ እርጥበት ገብቶ መውጫ አጥቷል። ከብዙ ዓመት በፊት ነው የሄደው።»

ከብዙ ዓመት በፊት። ያ ቃል ነው የቀረብኝ። ያኔ መንገድ ዳር ቆመን «ላንሳልሽ» ስላት፣ እሷም የሙሽራ ወንበር ነው ስትል፣ ወንበሩ አልነበረም ማለት ነው። ለሌለ ነገር ነው ጀርባዋ የተቃጠለው። አንዳንድ ቀን፣ እንቢ ብትልም ባነሳሁላት ኖሮ እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ብታየው ምን ትሆን ነበር እላለሁ። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ዳንቴሉን መልሰን እናልብሰው። ከላይ ምንም አይታይም» አልኳት ልጄን።

«ቬሎው የኪራይ ነው አባዬ» አለች። ፍርፋሪው እጇን አጥቁሮታል፤ አሳየችኝ። «ነጭ ነው።»

እውነቷን ነው። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። ሙሽራው ጓደኛዬን እየረዳ ፕላስቲኩን መጠቅለል ጀመረ። ሰውዬው ቆቡን አድርጎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝና ሄደ፤ ክላሲክ የሚለውን ቃል አላነሳም።

ልጄ ግን ወደ ቀኝ ጥግ ተጠግታ ተንበርክካ ቆየች። «አባዬ፣ ና እስቲ» አለችኝ። ሄድኩ። ያቺ የልጅነቷ ቀዳዳ የነበረችበት ቦታ፣ የአውራ ጣት ያህል፣ ቆዳው ደህና ነው። ቡናማ፣ ልስልስ ያለ፣ ትንሽ የሚያበራ። ዙሪያው ሁሉ ሞቶ እሱ ብቻ ቀርቷል። ጣቷን አደረገችበት።

«እማዬ በዚህች ነው የቆነጠጠችኝ» አለች።

በማግስቱ ነጫጮቹ መኪኖች በር ላይ ተሰለፉ። አበባቸው አንድ ዓይነት፣ ሪባናቸው አንድ ዓይነት። እኔ ጀርመኗን ከሁሉ ኋላ አቆምኳት፤ ዳንቴሉን መልሼ አልብሻታለሁ፤ ሰው ልጭንባት ሳይሆን ራቁቷን እንዳትታይ ነው። ልጄ በእልልታ ወጣች። ሙሽራው እጇን ይዞ ወደ ነጩ መኪና ሲመራት ቆመች፤ አንድ ነገር በጆሮው ነገረችው። ከዚያ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ሰልፉን ሁሉ አልፋ ወደ ኋላ መጣች። ሚዜዎቹ «ወዴት ነው? ቬሎው አፈር ነካ» ይላሉ። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ካሜራውን ይዞ ግራ ገባው።

እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። የኋላውን በር ከፈተች። አልገባችም፤ ጎንበስ ብላ እጇን ዳንቴሉ ሥር አስገባችና ቆየች። በስፖኪዮ አየኋት፣ አየችኝ። እንደ ልጅነቷ ፊቷን ወደ መስኮት አላዞረችም። ከዚያ በሩን እናቷ እንደምትዘጋው ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ወደ ነጩ መኪና ሄደች።

ክላክስ እየነፉ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ቃሊቲ ማዞሪያ ስንደርስ ትራፊኩ እነሱን አሳልፎ እኔን አስቆመኝ፤ ከባድ መኪኖች መሀል ገቡና ሰልፉ ከዓይኔ ጠፋ። ከፊቴ የቆመው የባጃጅ ልጅ ዞሮ አየኝና ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ተወው።

ፕላስቲኩን ቆራሌው ወሰደው። ጀርመኗ ግቢ ውስጥ ናት፤ ሸራ አላለብሳትም። መስኮቷንም ትንሽ ከፈት አድርጌ ነው የምተዋት፤ ዝናብ ሲገባ ጓደኛዬ ይቆጣኛል። የጎረቤት ልጆች ገብተው ይጫወቱባታል። እኔም አንዳንዴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከኋላ፣ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ። ሾፌር ሆኜ ኖሬ ከኋላዋ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ያ የድሮ መኪና የሚያከራየው ሰው በዚህ ሲያልፍ ጎራ ብሎ «አይሽጧት አባባ፣ ትንሽ ነው የቀራት» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ።

ዳንቴሎቹን ለልጄ ሰጠኋት። ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪያቸው ብያታለሁ። ባለፈው ቤቷ ስሄድ አንዱን ሶፋው ላይ አድርጋው ሻይ ፈሶበት አየሁ። እናቷ ብትኖር ጆሮዋን ትቆነጥጣት ነበር። እኔ ግን እሱ ላይ ተቀመጥኩ።